ፈዛዛዎቹ ፋይሎች፦ የትኛው ቅጂ ነው፣ የትኛው ኮቴ?

መብራት ድንገት ሲጠፋ ላፕቶፕ በባትሪው ይቆያል፤ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ግን ዩፒኤስ ከሌለው በዚያችው ቅጽበት ድርግም ነው። መብራቱ መጥቶ ማሽኑን መልሰው ሲከፍቱ፣ ሲሠሩበት ከነበረው ደብዳቤ ወይም የደመወዝ ሰንጠረዥ አጠገብ ቀለሙ የፈዘዘ፣ ስሙ በ«~$» የሚጀምር ሌላ ፋይል ቁጭ ብሎ ሊያገኙ ይችላሉ። አንዱ ይህን ሲያይ «ተመስገን፣ ኮፒው ተቀምጦልኛል» ብሎ ዋናውን ይዘጋል። ሌላው ደግሞ ቫይረስ ነው ብሎ ፍላሹን ነቅሎ ይሮጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ፋይሉ ቅጂም ቫይረስም አይደለም። እውነተኛው ቅጂ ካለ ሌላ ቦታ ተደብቆ ነው ያለው፣ እሱም ዕድሜው አጭር ስለሆነ ቶሎ መፈለግ አለበት።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ዊንዶውስና ማይክሮሶፍት ወርድ ለሚጠቀም ሰው የተጻፈ ነው። በየቢሮውና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚገኘው ይኸው ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ እንዲታዩ ያድርጉ

በዊንዶውስ 10 ማንኛውንም ፎልደር ይክፈቱና ከላይ «ቪው» የሚለውን ይጫኑ። ወደ ቀኝ በኩል «ሂደን አይተምስ» የሚል አለ፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት ያድርጉ። በዊንዶውስ 11 ደግሞ «ቪው» ውስጥ ገብተው ከታች «ሾው» የሚለውን ሲነኩ ያንኑ ምርጫ ያገኙታል። እግረ መንገድዎን እዚያው ያለውን «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውንም ያብሩት። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው ቅጥያ ካልታየች ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ በጨለማ መዳበስ ይሆናል።

አሁን የፈዘዙ ምስሎች ብቅ ይላሉ። የፈዘዙት ስለተበላሹ ሳይሆን «ድብቅ» የሚል ምልክት ስለተሰጣቸው ነው። ይህ ምልክት ከድሮው ዶስ ዘመን የመጣ ነው፤ አንድ ፋይል «አይነካም»፣ «ድብቅ»፣ «የሲስተም» እና «አርካይቭ» የሚሉ አራት ምልክቶች ሊኖሩት ይችላል። የሚገርመው፣ ከአራቱ ከመጠባበቂያ ቅጂ ጋር እውነተኛ ዝምድና ያለው ማንም የማያየው አራተኛው ነው። አንድ ፋይል ሲለወጥ ዊንዶውስ «አርካይቭ» የሚለውን ምልክት ያበራል፤ ባክአፕ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ምልክቱን አይተው ፋይሉን ይገለብጡና መልሰው ያጠፉታል። ድብቅ መሆን ግን ስለ ቅጂነት ምንም አይናገርም። «ይህ ለዓይንህ አያስፈልግም» ማለት ብቻ ነው።

ከዚህ የጠለቀ ሌላ መጋረጃም አለ፦ በ«ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የሚገኘውና የሲስተም ፋይሎችን የሚሸፍነው «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለው። ለአሁኑ እሱን አይንኩት።

«~$» ያለበት ፋይል

ወርድ አንድ ፋይል ሲከፍት በዚያው ፎልደር ውስጥ አንዲት ትንሽ ድብቅ ፋይል ይፈጥራል። መጠኗ 162 ባይት ብቻ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ እንኳ አትይዝም። ውስጧ ያለው ፋይሉን የከፈተው ሰው ስም ነው። ሌላ የሥራ ባልደረባ በኔትወርክ በኩል ያንኑ ፋይል ልክፈት ሲል፣ ወርድ እሷን አንብቦ «ፋይሉ በእከሌ ተይዟል» የሚለው በእሷ ምክንያት ነው። ፋይሉን በሥርዓት ሲዘጉት እሷም ትጠፋለች። መብራት ከሄደ ወይም ወርድ ከተሰናከለ ግን የሚያጠፋት ስለማይኖር እዚያው ትቀራለች። ሰው ከሄደ በኋላ ደጃፍ ላይ እንደሚቀር ኮቴ ናት፤ ማን እንደነበረ ትናገራለች፣ ምን ይዞ እንደነበር ግን አታውቅም።

ስሟን የምትሠራው ከዋናው ፋይል ስም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት አንሥታ በቦታቸው «~$» በመተካት ነው፤ ስሙ በጣም አጭር ከሆነ ግን ፊደል ሳትቀንስ ከፊቱ ትለጥፈዋለች። ስለዚህ «የሠራተኞች ደመወዝ» የሚለው ፋይል «~$ራተኞች ደመወዝ» ሆኖ ይታያል። በአማርኛ ስም የሚያስቀምጡ ሰዎች «ስሙ ተበላሸ፣ ቫይረስ ገባብኝ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይተው ነው።

ይህችን ፋይል ካገኙ እንዲህ ያድርጉ። ክፍት የሆኑ የወርድ መስኮቶችን ሁሉ ሴቭ አድርገው ይዝጉ። ጠፍታ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ካልጠፋች ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ፤ «ታስክ ማናጀር» ይከፈታል። በዝርዝሩ ውስጥ ወርድ በስውር እየሠራ ከሆነ መርጠው «ኤንድ ታስክ» ይበሉት። ፎልደሩ ቢሮው በጋራ የሚጠቀምበት ከሆነ ግን ከመንካትዎ በፊት ባልደረቦችዎን ይጠይቁ፤ ፋይሉን በእርግጥ የከፈተ ሰው ሊኖር ይችላል። ማን እንደሆነ ለማወቅ የቀረችውን ፋይል በኖትፓድ ቢከፍቷት በባዶ ቦታና በማይነበቡ ምልክቶች መካከል ስሙን ያገኙታል። ማንም እየሠራበት አለመሆኑን ካረጋገጡ ይሰርዟት። ከሥራዎ አንዲት ቃል አይጠፋም።

በ«ቲ ኤም ፒ» የሚያልቁት

እነዚህን ግን ተጣድፈው አያጥፏቸው። ወርድ ሴቭ ሲያደርግ በአሮጌው ፋይል ላይ አይጽፍም። አዲሱን በጊዜያዊ ስም ለብቻው ይጽፋል፤ ከዚያ አሮጌውን ሌላ ጊዜያዊ ስም ሰጥቶ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ አዲሱን በትክክለኛው ስም ይጠራዋል፤ በመጨረሻም አሮጌውን ይሰርዛል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ክፍልፋይ ያልቃል፣ ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ወይም ፍላሹ ቀርፋፋ ከሆነ ግን ሊዘገይ ይችላል። መብራቱ የጠፋው በዚህ መሐል ከሆነ፣ ስማቸው በሞገድ ምልክት (~) የሚጀምርና በ«ቲ ኤም ፒ» የሚያልቅ ፋይሎች ይቀራሉ። ከሞገዷ ቀጥሎ ደብሊው፣ አር እና ኤል ፊደላት ካሉ አሮጌው ነው፤ ደብሊው፣ አር እና ዲ ካሉ አዲሱ ነው። ዋናው ፋይል አልከፈት ብሎ እያስጨነቀዎት ከሆነ፣ ሙሉው ሥራ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

መጠኑን ይመልከቱ። ዜሮ ከሆነ ተስፋ የለውም። ዋናው ፋይል ሊኖረው ከሚገባው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ይገልብጡት፤ ከቅጂው ላይ እንጂ ከመጀመሪያው ላይ በጭራሽ አይሥሩ። የቅጂውን ቅጥያ ወደ «ዲ ኦ ሲ ኤክስ» ይለውጡትና በወርድ ይክፈቱት። ወርድ ካጉረመረመ፣ «ኦፕን» በሚለው መስኮት ውስጥ ፋይሉን መርጠው፣ «ኦፕን» ከሚለው ቁልፍ ጎን ያለችውን ቀስት ይንኩና «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» የሚለውን ይሞክሩ። ከተከፈተ ወዲያውኑ በአዲስ ስም ሴቭ ያድርጉት።

እውነተኛው ቅጂ የተደበቀበት ቦታ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ወርድ እርስዎ ሳያዩት በየ10 ደቂቃው የሥራዎን ቅጂ ያስቀምጣል። ይህን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ አይደለም። ቦታው በስምዎ በተከፈተው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ «አፕዳታ» የሚባል ራሱ ድብቅ የሆነ ፎልደር ነው። ሰው ዴስክቶፑን ሲያስስ የሚውለው ይህን ባለማወቁ ነው።

ይሁን እንጂ ወደዚያ ከመቆፈርዎ በፊት ቀላሉን ይሞክሩ። መብራት ከመጣ በኋላ ወርድን ብቻውን ይክፈቱ፤ ፋይሉን አይደለም፣ ወርድን። በግራ በኩል «ዶክዩመንት ሪከቨሪ» የሚል ዝርዝር ሊወጣ ይችላል። ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ይክፈቱ፣ ሰዓታቸውን ያነጻጽሩ፣ የተሻለውን በአዲስ ስም ሴቭ ያድርጉ። ዝርዝሩን በችኮላ አይዝጉት፤ ሲዘጉት ፋይሎቹ ይቆዩ ወይስ ይጥፉ ብሎ ይጠይቃል፣ ሰው ደግሞ ጥያቄ ሲበዛበት ሳያነብ «እሺ» ማለት ይቀናዋል።

ሥራው ከነጭራሹ ስም ተሰጥቶት የማያውቅ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኢንፎ»፣ ቀጥሎ «ማኔጅ ዶክዩመንት» ይበሉ፤ በ2010 እና በ2013 ወርዶች «ማኔጅ ቨርዥንስ» ይባላል። በውስጡ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክዩመንትስ» የሚል አለ። ይህ ፎልደር ያልተሰየሙ ሥራዎችን የሚያቆየው ለ4 ቀን ነው። ዓርብ ማታ የጠፋ ሥራ ሰኞ ጠዋት ሊገኝ ይችላል፤ «በሚቀጥለው ሳምንት አየዋለሁ» ካሉ ግን ራስዎ ቀብረውታል። ኤክሴልም ተመሳሳይ መንገድ አለው፣ ስሙ ብቻ «ማኔጅ ወርክቡክ» ይሆናል።

ሁለቱም ካልሠሩ በእጅ እንፈልግ። የዊንዶውስ ቁልፍንና አር ቁልፍን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ትንሽ ሳጥን ይከፈታል። በውስጡ የፐርሰንት ምልክት (%)፣ «አፕዳታ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እንደገና የፐርሰንት ምልክት ያለ ምንም ክፍት ቦታ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። «ማይክሮሶፍት»፣ ከዚያ «ወርድ» ወደሚለው ፎልደር ይግቡ። ፋይሎቹን በቀን ይደርድሩና በ«ኤ ኤስ ዲ» የሚያልቁትን ይፈልጉ። ያገኙትን ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጠው ከወርድ ውስጥ «ኦፕን» ብለው ይክፈቱት፤ በመስኮቱ ግርጌ የፋይል ዓይነቱን «ኦል ፋይልስ» ካላደረጉት አይታይዎትም።

ስለዚህ ቅጂ ሦስት ነገር ማወቅ ይበጃል። አንደኛው፣ ወርድ በሰላም ሲዘጋ ራሱ ያጠፋዋል፤ ለአደጋ ጊዜ እንጂ ለማከማቻነት አልተሠራም። ሁለተኛው፣ 10 ደቂቃ ለዴስክቶፕ ተጠቃሚ በጣም ረጅም ነው። በእኔ ግምት መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ብለው ሲገቡ ቁጥሩን መቀነስ ይችላሉ። እዚያው ከሥሩ፣ ሴቭ ሳያደርጉ ቢዘጉ የመጨረሻውን ቅጂ አቆይ የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክት የተደረገበት መሆኑን ያረጋግጡ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደው ውል ወይም የግል ማስረጃ ከፍላሽዎ ላይ ከፍተው ሲያስተካክሉ፣ ወርድ ቅጂውን የሚያስቀምጠው በፍላሽዎ ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። በዚያ መሐል መብራት ቢጠፋና ፍላሽዎን ነቅለው ቢወጡ ቅጂው እዚያው ይቀራል፤ ቀጥሎ ወርድን የሚከፍተው ደንበኛም በግራ በኩል ተዘርዝሮ ሊያየው ይችላል። መብራቱ እስኪመጣ ጠብቀው ራስዎ አጥፍተው ይሂዱ።

ቅጂ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

አንዳንድ ሰው የሲስተም መጋረጃውንም ይገልጥና ዴስክቶፑ ላይ «ዴስክቶፕ» ተብለው በ«አይ ኤን አይ» የሚያልቁ ሁለት መንታ ፋይሎች አይቶ ይደነግጣል። አንዱ የአንዱ ባክአፕ አይደለም። ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ብሎ የሚያሳየን የሁለት ፎልደሮች ድምር ነው፦ አንዱ የእርስዎ፣ ሌላው በማሽኑ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚጋሩት። እያንዳንዱ የራሱን የአቀማመጥ ማስታወሻ ይዟል። ቢያጠፏቸው የከፋ ነገር አይደርስም፤ ማስታወሻው ብቻ ይጠፋል።

በሲ ድራይቭ ላይ የሚታዩት ግዙፍ ድብቅ ፋይሎችም እንዲሁ ናቸው። አንደኛው ራም ሲሞላ ማሽኑ የሚደገፍበት ነው፤ ሁለተኛው ኮምፒውተሩ በጥልቅ ሲተኛ የራሙን ይዘት የሚያፈስስበት። ቦታ ይይዛሉ፣ ሥራዎን ግን አልያዙም። «ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን» የሚባለው ፎልደር ውስጥ በእርግጥ የቀድሞ ሁኔታ ቅጂዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ወደሱ የሚገባው ግን በሌላ በር ነው፦ በፋይሉ ወይም በፎልደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ፕሪቪየስ ቨርዥንስ»። ባዶ ከሆነ የዊንዶውስ ጥበቃው አልተከፈተም ወይም ገና የተቀመጠ ቅጂ የለም ማለት ነው። ባዶ ባይሆንም ብዙ አይመኩበት። በግንቦት 2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ እነዚህን ድብቅ ቅጂዎችም አብሮ ይሰርዝ ነበር። በዚያው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ከዲስኩ ጋር ይሞታል።

ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ባጭሩ፦ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ድብቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሞገድ ምልክት ያለበት ደግሞ የጽሑፍ ማረሚያው ያስቀረው የቀድሞ ቅጂ ነው፤ ኮንትሮልና ኤች ሲጫኑ ይታያሉ። በማክ ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብ ነው።

ፍላሽ ላይ ሲደበቁ

ይህ ጉዳይ ከቅጂ ጋር ባይዛመድም ሁልጊዜ አብሮ ይነሣል። ፍላሽዎን ሲሰኩ ፎልደሮችዎ የሉም፤ በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው፣ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች አሉ። ይህ በእርግጥ ቫይረስ ነው። ፋይሎችዎን አላጠፋቸውም፤ «ድብቅ» እና «የሲስተም» የሚሉትን ሁለት ምልክቶች ለጥፎባቸው ሰውሯቸዋል። ሾርትከቱን አይንኩ፣ ምክንያቱም ቫይረሱን የሚያስነሣው እሱ ነው። ፍላሹን ፎርማት እናድርገው የሚል ምክርም አይቀበሉ፤ ፎልደሮቹ እዚያው ናቸው።

አስቀድመው ፍላሹን በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ወይም ባለዎት አንቲቫይረስ ያስፈትሹ። ከዚያ ድብቅነቱን እናንሣ። በ«ፕሮፐርቲስ» በኩል ልሞክር ካሉ «ሂደን» የሚለው ሳጥን ደብዝዞ አልነካ ይልዎታል፤ የሲስተም ምልክቱ ስለተጨመረበት ነው። ስለዚህ «ኮማንድ ፕሮምፕት» ይክፈቱ። ፍላሽዎ «ኢ» ከሆነ የኢን ፊደልና ሁለት ነጥብ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ቀጥሎ በአንድ መስመር፦ «አትሪብ» (ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ)፣ ክፍት ቦታ፣ የመቀነስ ምልክትና ኤች፣ ክፍት ቦታ፣ የመቀነስ ምልክትና ኤስ፣ ክፍት ቦታ፣ ወደፊት ያዘነበለ መስመርና ኤስ፣ ክፍት ቦታ፣ ያው መስመርና ዲ፣ ክፍት ቦታ፣ በመጨረሻም ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ። ኢንተር ሲሉ ትንሽ ይቆይና ፎልደሮቹ ይመለሳሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ሰብስቦ ስም የለሽ በሆነ አንድ ፎልደር ውስጥ ይከትታል፤ ስም የሌለው ነገር ካዩ ከመሰረዝዎ በፊት ከፍተው ይመልከቱ።

የራስዎን ቅጂ በሚያዩት ቦታ

ወርድ ሳይደበቅ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ብለው ወደ ታች ወርደው በ«ሴቭ» ሥር «ኦልዌይስ ክሪኤት ባክአፕ ኮፒ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ሴቭ ባደረጉ ቁጥር ከዚያ በፊት የነበረው ቅጂ በዚያው ፎልደር፣ በ«ደብሊው ቢ ኬ» ቅጥያ ይቀመጣል። ሙሉ አንቀጽ በስሕተት አጥፍተው ሴቭ ላደረጉበት ቀን ፍቱን ነው፤ ያ ግን ሴቭ ያደረጉት አንዴ ብቻ ከሆነ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሴቭ ካደረጉ ቅጂውም ስሕተቱን ይወርሳል።

ለዚህ ነው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው «ፋይል ሂስትሪ» የሚሻለው። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይሰኩ፤ በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፋይል ሂስትሪ» ከፍተው «ተርን ኦን» ይበሉ። ዴስክቶፕዎንና ዶክዩመንት ፎልደርዎን እያየ የተለወጠውን በየሰዓቱ ይገለብጣል፤ የቀድሞዎቹን ሳይደመስስ። ዲስኩ ላይ ገብተው ሲያዩ እያንዳንዱ ፋይል ከስሙ ኋላ ቀንና ሰዓት ተጽፎበታል። ይህ ሰዓት ግር ያሰኛል፤ ዩቲሲ ስለሆነ ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ይዘገያል። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ ከተጻፈው ላይ 3 ይቀንሱ፦ 07 የሚል ካዩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የተቀመጠ ነው፤ 12 ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት። መብራቱ 5 ሰዓት ላይ ጠፍቶ ከሆነ 08 ወይም ከዚያ በፊት ያለውን የመጨረሻውን ይውሰዱ።

አንድ ፋይል መርጠው ወደ ሌላ ፎልደር መልሰው ይክፈቱት፤ መሥራቱን ዛሬውኑ ይሞክሩት። ሲጨርሱ የሲስተም መጋረጃውን ከፍተው ከነበረ ይመልሱት። «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ግን በራስዎ ማሽን ላይ እንደበራ ቢተዉት ምንም አይደለም።